ደጋ ላይ ማይክሮፒፔትን በውኃና በሚዛን እንዴት እንፈትሻለን?

«ፒፔታችን ልክ ይለካል ወይ?» ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከሸዋ ሮቢት የሚደውሉልኝ የላቦራቶሪ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። ፒፔት ወይም ማይክሮፒፔት የሚሉት በማይክሮሊትር (በሚሊሊትር አንድ ሺኛ) የሚለካ ጥቂት ፈሳሽ ስቦ የሚሰጥ የእጅ መሣሪያ ነው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ በቅደም ተከተል ልጻፈው አልኩ።

ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሁለት ነገሮች በኋላ ነው። ወይ የኮንትሮል (ልኩ አስቀድሞ የሚታወቅ ናሙና) ውጤት ከሚጠበቀው ልክ አልገባ ብሏል፤ ወይ ደግሞ አንድ ሰው ውኃ መዝኖ 1000 ማይክሮሊትር መሆን የነበረበትን 991 ሆኖ አግኝቶታል። ይኼኛው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፒፔቱን የሚያስተካክልበትን ቁልፍ በእጁ ይዞ ነው የሚደውለው። ቁልፉን ለጊዜው አስቀምጡት። መጀመሪያ አብረን እንለካ።

ለምን ደጋ ላይ ይለያል?

ተራው ማይክሮፒፔት ፒስተኑ ፈሳሹን አይነካውም። ፒስተኑ ሲወጣ አየር ይስባል፣ አየሩ ደግሞ ፈሳሹን ይስባል። በመሀል የቀረው አየር እንደ ላስቲክ ነው። ቲፑ (ፒፔቱ ጫፍ ላይ የሚገጠመው የፕላስቲክ ቀሰም) ውስጥ የቆመው ውኃ በክብደቱ ወደ ታች ሲጎትተው ትንሽ ይለጠጣል። በተለጠጠው ልክ የሚገባው ፈሳሽ ያንሳል።

በቁጥር እንየው። ቲፕ ውስጥ 5 ሴንቲሜትር የቆመ ውኃ ወደ 5 ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) ይጎትታል። ባሕር ጠለል ላይ የአየሩ ግፊት 1013 ሄክቶፓስካል ነው፤ ስለዚህ አየሩ 0.5 በመቶ ያህል ይለጠጣል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር አካባቢ ናት፣ ግፊቱም ወደ 720 ይወርዳል። ያው 5 ሄክቶፓስካል እዚህ 0.7 በመቶ ይለጥጠዋል። ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ 1300 ሜትር አካባቢ ስትለኩ ግፊቱ ወደ 870 ይጠጋል፣ መለጠጡም 0.6 በመቶ ገደማ ነው።

ስለዚህ ዝቅ ያለ አገር ተስተካክሎ የመጣ ፒፔት ደጋ ላይ በጥቂቱ አሳንሶ ይሰጣል። አልተበላሸም፤ አየሩ ሳስቶ ነው። ከደብረ ብርሃን በጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ ቆላ የሚሠራ ፒፔትም እዚያው እንደገና መፈተሽ አለበት። የፋብሪካው ሰርተፊኬት የሚናገረው ስለተፈተሸበት ቦታ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሚዛን። ከነጥብ በኋላ አራት አሃዝ ግራም የሚያነብ (0.1 ሚሊግራም) ከ100 ማይክሮሊትር በላይ ላለው ይበቃል። ከ10 እስከ 100 ላለው አምስት አሃዝ፣ ከ10 በታች ላለው ስድስት አሃዝ ያስፈልጋል። ባለ አራት አሃዝ ሚዛን ይዛችሁ ባለ 10 ማይክሮሊትር ፒፔት ለመፈተሽ አትድከሙ። 10 ማይክሮሊትር ውኃ 10 ሚሊግራም ነው፤ የሚዛኑ የመጨረሻ አሃዝ ብቻውን 1 በመቶ ይሆናል።
- ዲስቲልድ ወይም ዲአዮናይዝድ ውኃ፣ ግማሽ ሊትር። ከጋራዥ የሚገዛ የባትሪ ውኃ አሲድ ሊኖረው ስለሚችል አይሆንም።
- ቴርሞሜትር፣ ቢቻል 0.1 ዲግሪ የሚያነብ።
- አፈ ጠባብ ትንሽ የብርጭቆ ዕቃ ከነክዳኑ። አፉ ሲሰፋ ትነቱ ይበዛል።
- ዕለት ተዕለት የምትሠሩበት ዓይነት ቲፕ። ለፈተና ብላችሁ የተሻለ ቲፕ አታምጡ። የምትፈትሹት ፒፔቱንና ቲፑን አንድ ላይ ነው።
- ስስ ጓንት፣ 70 በመቶ አልኮል፣ ብናኝ የማይለቅ ለስላሳ ወረቀት፣ ሰዓት፣ ደብተር ወይም ኮምፒውተር።

ከመጀመራችሁ በፊት ማስጠንቀቂያ

ሴረም ወይም ደም ሲለካበት የዋለ ፒፔት ሳይጸዳ ሚዛን አጠገብ አይደርስም። ውጩን በ70 በመቶ አልኮል ጥረጉ። ውስጡ ፈሳሽ ገብቶ ከሆነ ከመፈተሻችሁ በፊት ተፈቶ ይጽዳ። በረኪና ውስጥ አትንከሩት፤ ፒስተኑንና ስፕሪንጉን ይበላዋል።

ብርድ ነው ብላችሁ ላቦራቶሪ ውስጥ ከሰል አታንድዱ። አልኮል ባለበት ክፍል እሳት አደጋ ነው። የከሰሉ ጭስ ደግሞ በተዘጋ ክፍል ሰው ይገድላል።

ይህ ፍተሻ ለራሳችሁ ነው። ሰርተፊኬት በሚጠየቅበት ጊዜ የታወቀ የካሊብሬሽን (የመለኪያ ማረጋገጫ) አገልግሎትን አይተካም። በሁለት ካሊብሬሽን መካከል ግን ዓመት ሙሉ በጭፍን ከመሥራት ያድናችኋል።

አሠራሩ

1. ውኃውን፣ ፒፔቱን፣ ቲፑንና ክፍሉን አንድ ሙቀት ላይ አምጡ።

ዋናው ደረጃ ይህ ነው። ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው።

እኔም ዘልዬው አውቃለሁ። ጥር ወር ነበር፣ ሌሊቱን ውርጭ ወርዶ ያደረበት ጠዋት። ውኃው መስኮት ሥር አድሯል፣ ጄሪካኑ ከቅዝቃዜው የተነሣ እጅ ያቃጥላል። ክፍሉን ግን በኤሌክትሪክ ማሞቂያ አሙቀነዋል። ያን ውኃ ቢከር ላይ ገልብጬ ወዲያው መመዘን ጀመርኩ። የመጀመሪያው ክብደት ከሚጠበቀው በላይ ሆነ። ሁለተኛው ትንሽ አነሰ። ሦስተኛው ደግሞ አነሰ። አሥረኛው ጋ ስደርስ ቁጥሮቹ ደረጃ በደረጃ ወርደዋል። «ኦሪንጉ (አየር እንዳይገባ የሚያደርገው የጎማ ቀለበት) አልቋል» ብዬ ጻፍኩና ፒፔቱ ለጥገና ተላከ። ሳምንታት ቆይቶ ምንም ሳይገኝበት ተመለሰ። እስኪመለስ ድረስ በአንድ ፒፔት ብቻ ነበር የምንሠራው።

ጥፋቱ የውኃው ነበር። ቀዝቃዛ ፈሳሽ ወደ ሞቃት ፒፔት ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል። በተኮማተረው ልክ ተጨማሪ ውኃ ይገባል። ውኃው እየሞቀ ሲሄድ ልዩነቱ እየጠበበ ቁጥሩ ይወርዳል። ሞቃት ፈሳሽ በቀዝቃዛ ፒፔት ሲሳብ ተቃራኒው ይሆናል።

ስለዚህ ውኃውን፣ ፒፔቱንና የቲፑን ሳጥን ማታውኑ ሚዛኑ ያለበት ክፍል አሳድሯቸው። ካልተቻለ ቢያንስ 2 ሰዓት አብረው ይቆዩ። ክፍሉ ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን። ሥራው እስኪያልቅ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ከፍ ዝቅ እንዳይል ጠብቁ። በብርድ ወራት ጠዋት ከመጀመር ረፋድ 5 ሰዓት ላይ መጀመር ይሻላል፤ ክፍሉ ረጋ ይላል። ማሞቂያ ካለ ከሚዛኑ አርቃችሁ ቀድማችሁ አብሩት። በመሀል አታብሩ፣ አታጥፉ።

2. ሚዛኑን አዘጋጁ።

የውኃ ልኩ አረፋ መሀል ላይ ይሁን። ሚዛኑ መመሪያው በሚለው ጊዜ ያህል፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በርቶ ይቆይ። ከዚያ በራሱ የማስተካከያ ክብደት እዚያው ቦታው ላይ ካሊብሬት አድርጉት። የኤሌክትሮኒክ ሚዛን የሚለካው የመሬትን ስበት ነው፤ ስበት ደግሞ ከከፍታ ጋር ይቀንሳል። ሸዋ ሮቢት የተስተካከለ ሚዛን ደብረ ብርሃን መጥቶ ካልተስተካከለ 100 ግራም ላይ በአሥሮች የሚቆጠር ሚሊግራም ያሳስታል።

በሮቹን ዝጉ። ማራገቢያ ይጥፋ። ሚዛኑ ያለበትን ጠረጴዛ ማንም አይደገፍ። አንድ ትንሽ ኩባያ ውኃ ሚዛኑ ጓዳ ውስጥ፣ ከመመዘኛው ሳህን ውጭ አስቀምጡ። ከጥቅምት እስከ ጥር የደጋው አየር ደረቅ ነው። ኩባያው ጓዳውን እርጥብ ያደርግና ከመመዘኛ ዕቃችሁ የሚተነውን ይቀንሳል።

3. ፒፔቱ እንደማያፈስ አረጋግጡ።

ቲፕ ግጠሙ፣ በከፍተኛው መጠን ውኃ ሳቡ፣ ቀጥ አድርጋችሁ 20 ሰከንድ ያዙት። ጫፉ ላይ ጠብታ ካበጠ ወይም ከወደቀ አየር ይገባል ማለት ነው። መጀመሪያ ሌላ ቲፕ ሞክሩ። አሁንም ካፈሰሰ የቲፕ መግጠሚያው ተሰንጥቆ ወይም ኦሪንጉ አልቆ ይሆናል። የሚያፈስ ፒፔት አይመዘንም፤ መጀመሪያ ይጠገን።

4. የፒፔቱን ቁጥር ከላይ ወደ ታች እያመጣችሁ የምትፈልጉት መጠን ላይ አድርሱ።

ቁጥሩን ከፍ የምታደርጉ ከሆነ ከምትፈልጉት አንድ ሦስተኛ ዙር ያህል እለፉና መልሳችሁ ውረዱበት። በውስጡ ባሉት ጥርሶች መካከል ያለው ልቅነት የሚጠፋው ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ስትደርሱ ነው። ፒፔቱ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ቁጥር በላይ ግን በጭራሽ አታዙሩ።

5. ቲፑን አርጥቡት።

ከ3 እስከ 5 ጊዜ ሳቡና ወደ ቆሻሻ ዕቃ ልቀቁ። ደረቅ ቲፕ ውስጥ የመጀመሪያው ውኃ ከፊሉ ወደ ውስጠኛው አየር ይተናል። አየሩ አንዴ ከጠገበ ቀጣዮቹ ልኬቶች ይመሳሰላሉ።

6. አሥር ጊዜ መዝኑ።

ዕቃው ውስጥ መጀመሪያ ትንሽ ውኃ ጨምሩና ሚዛኑን ዜሮ አድርጉ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ልኬት እንዲህ ሥሩ፦

ሀ. መጫኛውን እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ተጫኑ፤ ከዚያ በኋላ ነው ቲፑ ውኃ ውስጥ የሚገባው። ውኃ ውስጥ ገብታችሁ ከተጫናችሁ አረፋ ይፈጠራል።

ለ. ቲፑን ቀጥ አድርጋችሁ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ብቻ አስገቡ። በጥልቀት ከገባ ውጩ ላይ የሚጣበቀው ውኃ አብሮ ይመዘናል። በጣም ላይ ላዩን ከሆነ አየር ይገባል።

ሐ. መጫኛውን በዝግታና በእኩል ፍጥነት ልቀቁ። አውራ ጣታችሁ ተፈትልኮ ከወጣ ውኃው ወደ ላይ ይረጫል፤ ፒስተኑንም ያበላሻል። ለ1000 ማይክሮሊትር ከሳባችሁ በኋላ ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ቲፑን ውኃው ውስጥ አቆዩት። ውኃው ገብቶ አልጨረሰም።

መ. ቀጥ አድርጋችሁ አውጡት፣ ጫፉን የዕቃው ግድግዳ ላይ አስነኩ። ጫፉን በወረቀት አትጥረጉ፤ ወረቀቱ ከውስጥ ይስባል።

ሠ. መመዘኛ ዕቃው ግድግዳ ላይ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ አዘንብላችሁ እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ እየተጫናችሁ ውኃውን ልቀቁ። አንድ ሰከንድ ቆዩ። ከዚያ እስከ ሁለተኛው ማቆሚያ ተጫኑ። መጫኛውን እንደተጫናችሁ ቲፑን ግድግዳው ላይ እየሳባችሁ አውጡ።

ረ. ክዳኑን ግጠሙ፣ በሩን ዝጉ፣ ቁጥሩ ሲረጋ ጻፉ። ዜሮ አድርጉና ቀጥሉ።

እያንዳንዱ ዙር እኩል ጊዜ ይውሰድ፣ ከአንድ ደቂቃ አይለፍ። በመሀል ስልክ አታንሡ። ፒፔቱን በእጃችሁ ጨብጣችሁ አትጠብቁ፤ ማቆሚያው ላይ ስቀሉት። የእጅ ሙቀት ውስጠኛውን አየር ያሰፋዋል። በብርድ ቀን እጃችሁና ፒፔቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ15 ዲግሪ ሊበልጥ እንደሚችል አስታውሱ።

7. ትነቱን ለኩ።

አሥሩ ሲያልቅ ምንም ሳትጨምሩ ክዳኑን እየከፈታችሁና እየዘጋችሁ ሌላ አሥር ዙር በሚወስደው ጊዜ ያህል ጠብቁ። የቀነሰውን ክብደት ለ10 አካፍሉ። ያ በአንድ ልኬት የሚተነው ነው፤ እያንዳንዱ ክብደት ላይ ደምሩት። 1000 ላይ ብዙም አይታይም። 20 ማይክሮሊትር ላይ ግን ውጤቱን ይገለብጠዋል።

8. በሦስት መጠን ድገሙት።

በከፍተኛው፣ በግማሹ፣ በአንድ አሥረኛው። ለባለ 1000 ፒፔት 1000፣ 500 እና 100 ማለት ነው። ባለ አራት አሃዙ ሚዛን 100 ላይ ትንሽ ቢከብደውም፣ ለዚህ ፒፔት የተፈቀደው ስህተት 8 ማይክሮሊትር ስለሆነ ለውስጥ ፍተሻ አያሳስብም። ሦስቱም ነጥቦች የሚያስፈልጉት ፒፔት ከላይ ልክ ሆኖ ከታች ሊስት ስለሚችል ነው።

9. ክብደቱን ወደ መጠን ቀይሩ።

አንድ ሚሊግራም ውኃ አንድ ማይክሮሊትር አይደለም። ውኃ ሲሞቅ ይሰፋል። አየሩም ዕቃውን በጥቂቱ ወደ ላይ ይደግፈዋል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያርመው ማባዣ ዜድ ፋክተር ይባላል። ለ720 ሄክቶፓስካል፣ ማለትም ለደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ያሰላሁት ይኸውላችሁ፦

- በ15 ዲግሪ፦ 1.0017
- በ16 ዲግሪ፦ 1.0018
- በ17 ዲግሪ፦ 1.0020
- በ18 ዲግሪ፦ 1.0022
- በ20 ዲግሪ፦ 1.0025
- በ22 ዲግሪ፦ 1.0030
- በ25 ዲግሪ፦ 1.0037

ሙቀቱ የውኃው ነው፣ የክፍሉ አይደለም። ቴርሞሜትሩን ቢከሩ ውስጥ አስገቡ።

ግፊቱን ከስልካችሁ የአየር ሁኔታ መተግበሪያ አትውሰዱ። ደብረ ብርሃን ላይ ሆናችሁ 1015 ወይም 1020 ይላችኋል። ውሸት አይደለም፤ ወደ ባሕር ጠለል ተቀይሮ የተጻፈ ግፊት ነው። እናንተ የምትፈልጉት ግን ክፍላችሁ ውስጥ ያለውን ነው። ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያ) ካላችሁ ወደ ባሕር ጠለል ቀይሮ እንዲያሳይ እንዳልተደረገ አረጋግጡ። ከሌላችሁ 720ን ውሰዱ፤ ጥቂት ሄክቶፓስካል ወዲያ ወዲህ ቢል ዜድ ፋክተሩ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ኢምንት ነው።

በምሳሌ እንሥራው

ባለ 1000 ፒፔት፣ ውኃው 18 ዲግሪ፣ ትነቱ ተደምሮበታል። አሥሩ ክብደቶች በግራም፦ 0.9909፣ 0.9928፣ 0.9919፣ 0.9901፣ 0.9923፣ 0.9915፣ 0.9930፣ 0.9904፣ 0.9920፣ 0.9911።

አማካያቸው 0.9916 ግራም፣ ማለትም 991.6 ሚሊግራም ነው። በ1.0022 ስናባዛው 993.8 ማይክሮሊትር ይሆናል። ከ1000 የሚጎድለው 6.2 ማይክሮሊትር ነው፣ በመቶኛ 0.62።

አሁን መበታተኑን እንይ። ኤክሴል ላይ የስታንዳርድ ዴቪዬሽን ፎርሙላ ብትጠቀሙ 0.98 ሚሊግራም ያወጣል። ወደ 1 ማይክሮሊትር ወይም 0.1 በመቶ ነው።

የፒፔቶች ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው አይኤስኦ 8655 ለባለ አንድ ቲፕ ፒፔቶች ያስቀመጠው ገደብ ይህን ይመስላል፦

- ባለ 20 ማይክሮሊትር፦ አማካዩ ከ0.2 በላይ አይስት፣ መበታተኑ ከ0.1 አይለፍ
- ባለ 100፦ 0.8 እና 0.3
- ባለ 200፦ 1.6 እና 0.6
- ባለ 1000፦ 8 እና 3

ሁሉም በማይክሮሊትር ነው። ገደቡ ለፒፔቱ ከፍተኛ መጠን የተሰጠ ሲሆን በዝቅተኞቹ ነጥቦችም ያው ቁጥር ይሠራል። የፋብሪካው መመሪያ ወይም የላቦራቶሪያችሁ ደንብ የጠበበ ገደብ ካለው በእሱ ሂዱ።

የእኛ ፒፔት 6.2 ስቷል፣ ገደቡ 8 ነው። ፈተናውን አልፏል።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ዜድ ፋክተሩን ባንጠቀም ኖሮ 991.6ን እንደ ማይክሮሊትር ወስደን 8.4 ጎደለ እንል ነበር። ገደቡን አለፈ ብለን ቁልፍ እናነሣ ነበር። በመግቢያው ላይ ያልኳችሁ 991 ይዞ የሚደውል ሰው ያለው እዚህ ላይ ነው። ደህናውን ፒፔት ሊያጣምም ትንሽ ነው የቀረው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ከአማካዩ በፊት የአሥሩን ቁጥሮች ቅደም ተከተል አንብቡ። ብዙ ነገር ይነግራችኋል።

ቁጥሮቹ ወዲያና ወዲህ ጥቂት እየተወዛወዙ አማካዩ ብቻ ዝቅ ካለ፣ እጃችሁ ደህና ነው። ምክንያቱ የከፍታው ወይም የፒፔቱ ማስተካከያ ሊሆን ይችላል።

ከመጀመሪያው እስከ አሥረኛው በአንድ አቅጣጫ ከወረዱ ወይም ከወጡ፣ ሙቀቱ አልረጋም። ውኃው፣ ፒፔቱ ወይም እጃችሁ። ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ።

የመጀመሪያው ብቻ ከሌሎቹ ከተለየ፣ ቲፑን አላረጠባችሁም።

እዚህም እዚያም የተበተኑ ከሆነ፣ ቲፑ በደንብ አልገጠመም ወይም አውራ ጣታችሁ ፍጥነቱን ይቀያይራል። ሌላ ሰው እንዲመዝን አድርጉ። የእሱ ቁጥሮች ከተሰበሰቡ ችግሩ የአያያዝ ነው። ማንም አይፈርበት፤ በግማሽ ሰዓት ልምምድ ይስተካከላል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

ለመመዘን ሲሳብም ሁለተኛው ማቆሚያ ድረስ መጫን። ይህ በብዛት ይጨምራል፤ 1000 ላይ ከመቶ በላይ ማይክሮሊትር ሊያስበልጥ ይችላል።

ፈሳሽ ቲፑ ውስጥ እያለ ፒፔቱን ጠረጴዛ ላይ ማጋደም። ፈሳሹ ወደ ፒስተኑ ይፈሳል፣ ዝገቱ ከወራት በኋላ ይታያል።

ቲፑን ለመግጠም ሳጥኑ ላይ ደጋግሞ መደብደብ። መግጠሚያው ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ያፈሳል።

በውኃ የተፈተሸ ፒፔት ለሴረምና ለግሊሰሮል እኩል ልክ ይሰጣል ብሎ ማመን። ወፍራም ፈሳሽ ግድግዳው ላይ ይቀራል። ለእነዚህ በግልባጩ ሥሩ፤ እስከ ሁለተኛው ማቆሚያ ተጭናችሁ ሳቡ፣ እስከ መጀመሪያው ብቻ ተጭናችሁ ልቀቁ። ቲፑ ውስጥ የቀረውን ከቲፑ ጋር ጣሉት።

ገደቡን ካለፈስ?

ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፤ ቀላሉ ይቀድማል።

1. ሌላ ቲፕ፣ ሌላ ሰው፣ የረጋ ሙቀት ሞክሩና እንደገና መዝኑ።
2. መመሪያው በሚፈቅደው መሠረት የታችኛውን ክፍል ፍቱ። በ70 በመቶ አልኮል አጽዱት፣ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ፒስተኑ ላይ ከፋብሪካው የመጣውን ወይም መመሪያው የሚለውን ግሪዝ ብቻ በስሱ ቀቡ። የማሽን ግሪዝ ወይም ቫዝሊን አይሆንም። ስትፈቱ እያንዳንዱን ክፍል በቅደም ተከተሉ ነጭ ወረቀት ላይ ደርድሩ፣ በስልክ ፎቶ አንሡ። ትንሿ ስፕሪንግ ዘልላ ከጠፋች መተኪያዋን ማግኘት አድካሚ ነው።
3. ኦሪንጉ ከደረቀ ወይም ከተቆረጠ ቀይሩ።
4. ይህ ሁሉ ተደርጎ አማካዩ ከገደቡ ውጭ ሆኖ፣ መበታተኑ ግን ትንሽ ከሆነ፣ አሁን ቁልፉን አንሡ። መመሪያው በሚለው መንገድ በጥቂቱ አዙሩ፣ እንደገና አሥር ጊዜ መዝኑ። ያዞራችሁትን መጠንና ቀን ጻፉ። ፒፔቱ ላይም «ለደብረ ብርሃን ከፍታ የተስተካከለ» የሚል ወረቀት ለጥፉ፣ ወደ ቆላ ከተላከ ተቀባዩ እንዲያውቅ።
5. መበታተኑ ትልቅ ከሆነ ማስተካከያ አይረዳውም። የተበታተነን ነገር ማዞር መሀሉን ያንቀሳቅሳል እንጂ አይሰበስበውም። ለጥገና ይሂድ።

መዝገቡንና ባርኮዱን በተመለከተ

እያንዳንዱ ፒፔት የራሱ ቁጥር ይኑረው። ባርኮድ አትማችሁ መያዣው ላይ ብትለጥፉ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ ተራ ባርኮድ ስካነር በአንድ ጠቅታ ቁጥሩን ኤክሴል ላይ ይጽፍላችኋል። ቀን፣ የውኃ ሙቀት፣ የመዘነው ሰው፣ ሦስቱ አማካዮችና ሦስቱ መበታተኖች ከጎኑ ይግቡ።

ስካነሩ ላይ አንድ ነገር ብዙ ሰው ያስጨንቃል። «ትናንት የሠራ ስካነር ዛሬ የማይነበብ ነገር ይጽፋል» ይሉኛል። ስካነሩ ለኮምፒውተሩ ራሱን እንደ ኪቦርድ ነው የሚያቀርበው። የአማርኛ መጻፊያው በርቶ ከሆነ ባርኮዱ ውስጥ ያሉት የላቲን ፊደሎች ወደ ግዕዝ ፊደል ይቀየራሉ። ስካን ከማድረጋችሁ በፊት ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ። ወይም ባርኮዱን ሲታተም በአሃዝ ብቻ አድርጉት፤ ብዙውን ጊዜ አሃዞቹ ሳይነኩ ያልፋሉ።

በአልኮል የሚጠረግ ወረቀት ቀለሙ ይለቃል። ባርኮዱ ላይ ግልጽ ስኮች ለጥፉበት፣ ጫፎቹም ይሸፈኑ። ቲፕ በሚገጠምበት የታችኛው ክፍል ላይ አትለጥፉ፤ እሱ ሲጸዳና ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ተሕዋስያን የሚገድል ዕቃ) ሲገባ ይፈታል፣ ከሌላ ፒፔት ጋርም ሊለዋወጥ ይችላል።

ለብዙ ናሙና በየቀኑ የምትሠሩበትን ፒፔት በየሦስት ወሩ መዝኑ፣ ከወደቀ ደግሞ ያኔውኑ። ክፍላችሁ በበጋና በክረምት ሙቀቱ በጣም የሚለያይ ከሆነ አንዱን ፍተሻ ሐምሌ፣ አንዱን ታኅሣሥ ላይ አድርጉት።